የማርሻሉ ካፖርት

(ጦርነቱ ገና አልበረደም። ከሥልጣን የወረደው ማርሻል መያዙን ሬዲዮ ጠዋት ተናግሯል፤ አደባባዩ በእልልታ ቀልጧል። አሥራ አንድ ዓመት የማርሻሉ ፀጉር አስተካካይ የነበሩት ጋሽ አሰግድ ምርኮኛውን ላጭተው ሲወጡ በሩ ላይ ከሻለቃ ደምመላሽ ጋር ተፋጠዋል።)

ሻለቃ፦ እኔ «ይላጩት» አልኩ እንጂ «ይመርምሩት» መቼ አልኩ?

ጋሽ አሰግድ፦ ላጨሁታ! ጺሙ ሲወርድ ሌላ ሰው ወጣ። እሱ አይደለም ሻለቃ።

ሻለቃ፦ ድምፅዎን ይቀንሱ።

ጋሽ አሰግድ፦ ብቀንሰውም እሱ አይደለም።

ሻለቃ፦ የማርሻሉን ካፖርት ለብሶ ነው የተያዘው። ደረቱ ላይ ሰባት ኒሻን!

ጋሽ አሰግድ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። የያዛችሁት ካፖርቱን ነው። ሰውየው ምስኪን ገበሬ ነው፤ ማርሻሉ መንገድ ላይ ሽጉጥ ደግኖ ጋቢውን ቀማውና ካፖርቱን ወረወረለት።

ሻለቃ፦ ማን ነገረዎት?

ጋሽ አሰግድ፦ ራሱ።

ሻለቃ፦ የተያዘ ሰው ሌላ ምን ይበል? አርባ ቀን በረሃ የከረመ ይከሳል፣ ይጠቁራል። እናቱም አትለየው።

ጋሽ አሰግድ፦ መልኩን ይተዉት። ማርሻሉ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ የእጄን አንጓ ጭምቅ አድርጎ ይይዝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ለቆኝ አያውቅም። ይሄኛው ግን አገጩን ቀና አደረገልኝና ዓይኑን ጨፈነ። ደም ያለበት ሰው አንገቱን እንዲህ አይሰጥም።

ሻለቃ፦ ሬዲዮው እኮ ተናግሯል!

ጋሽ አሰግድ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሻለቃ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ስድስት ሰዓት ላይ አደባባይ እሰቅለዋለሁ ብያለሁ። አሁን «ተሳስቼ ነው» ልበል? ግንባር ያለው ጦሬ በዚህ ወሬ ነው የቆመው።

ጋሽ አሰግድ፦ የፈሰሰ እህል ይለቀማል። የሰው ደም ግን አይታፈስም።

ሻለቃ፦ ስለ ደም አንተ ነህ የምታወራኝ? አሥራ አንድ ዓመት ምላጭ ይዘህ ጉሮሮው ላይ ቆመህ ምን ሠራህ? ወንድሜን ሲያስረሽነው አንተ ፊቱን ሳሙና ትቀባው ነበር!

ጋሽ አሰግድ፦ ፈራሁ።

ሻለቃ፦ ፈራሁ!

ጋሽ አሰግድ፦ አዎ፣ ፈራሁ። አንጓዬን ባይዘኝም እፈራ ነበር። በየጠዋቱ ፈርቼ ገብቼ አፍሬ እወጣ ነበር። ዛሬ ግን እጄን የያዘኝ የለም።

ሻለቃ፦ እኔ እይዝሃለሁ። ሕዝቡ ፊት ቆመህ «እሱ ነው» ትላለህ። የላጨው ከመሰከረ ሌላ ማን ይጠይቃል?

ጋሽ አሰግድ፦ እምቢ ካልኩስ?

ሻለቃ፦ ገመድ አልቸገረኝም።

ጋሽ አሰግድ፦ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ማርሻሉ ሬዲዮ ይሰማል?

ሻለቃ፦ የት ሆኖ?

ጋሽ አሰግድ፦ የገበሬ ጋቢ ተከናንቦ፣ ካለበት ሆኖ።

ሻለቃ፦ ቢሰማስ?

ጋሽ አሰግድ፦ እስከ ዛሬ ጠዋት በየኬላው ይፈለግ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሞተ ይባላል። ኬላው ይነሳል፣ ፈላጊውም ቤቱ ይገባል። የሞተን ሰው ማን ይፈልጋል? የወንድምህን ገዳይ በገዛ እጅህ ድንበር አሻገርከው።

ሻለቃ፦ ጋሼ፣ ገበሬው ጋቢዬን የት ጋ ቀማኝ ነው ያለዎት? ጥለቱስ ምን ዓይነት ነበር?