መርሳ የተሠራው የጀርመን ቢላ

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ወደ መርሳ ስንመለስ ቤቴ የጠበቀኝ በሩ ተነቅሎ፣ ድስቱ ከነክዳኑ ተወስዶ፣ ፍራሹ ተቀዶ ነው። ከወጥ ቤት ዕቃ የቀረችን አንዲት ቢላ ብቻ ነበረች፤ እሷም የተረፈችው ስንሸሽ ባለቤቴ እታፈራሁ በፎጣ ጠቅልላ ስለያዘቻት ነው። ይህቺ ቢላ ደግሞ የዋዛ አልነበረችም። ብረቷ ላይ የጀርመን ስም በላቲን ፊደል ተመትቶባታል፤ እጀታዋ የበሬ ቀንድ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጀርመኖች እኮ ብረት ያውቃሉ!» እያልኩ ስጎርርባት ኖሬያለሁ። የምሠራው ሲሪንቃ ባለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው፤ የስንዴ ዘር በዐይኔ ለይቼ አውቃለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። የገዛ ቢላዬን ዘር ግን አላውቅም ነበር።

ጥር ላይ እጀታዋ መነቃነቅ ጀመረ። እኔም በገበያ ቀን ይዣት ወደ ሸጡልኝ ሰው፣ ወደ አባባ አብዱሰመድ ሄድኩ። አባባ አብዱሰመድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በመርሳ ገበያ ሚዛናቸው የተመሰከረላቸው ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው በጦርነቱ ተቃጥሎ፣ አሁን ባዶ ማዳበሪያ መሬት ላይ አንጥፈው ቢላና ማጭድ ይሸጣሉ።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ! ጀርመኑ ተነቃነቀ!» አልኳቸው እየሳቅሁ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ሰላምታዬን እንኳ በከንፈራቸው ብቻ ነው የመለሱት። ፊት ለፊታቸው አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር፤ የቀጥቃጩ የረዲ ልጅ ዙልፋ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ጦርነቱ አቋርጧት ቤቷ የገባች ናት።

«ጥሩ ሰዓት መጡ ጋሼ» አለችኝ። «ይቀመጡና ይስሙን። አባቴን ያውቁታል። ታጣቂዎቹ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉን፣ ወናፉን፣ መዶሻውን ጭነው ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስል ነው የሚውለው። አሁን አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ ዕቃ ሠርተው ይሸጡ ለነበሩ ባለሙያዎች ሙሉ መሣሪያ ሊተካ ነው። የቀበሌው ኮሚቴ ትናንት የአባቴ ስም ሲነሣ፣ ‹ረዲ ማረሻ ይጠግናል እንጂ መቼ ዕቃ ሠርቶ ሸጦ ያውቃል?› ብሎ ዘለለው። ዝርዝሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«እና አባባ ምን ያድርጉልሽ?»

ማዳበሪያው ላይ ወደተደረደሩት ቢላዎች በአገጯ አመለከተች። «እነዚህን ሁሉ የሠራው አባቴ ነው። አባባ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ይህንኑ ይናገሩልኝ ነው ያልኩት።»

«እንዴ ዙልፋ! እነዚህ እኮ የጀርመን ናቸው» አልኩና ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ገበያ መሀል ነን» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ስማኝ ልጄ፣ ከመፍረድህ በፊት ስማኝ። ረዲ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላ ማውጣት የጀመረ ጊዜ ‹የረዲ ሥራ ነው› ብዬ እዚሁ ዘረጋሁለት። አንዲት እንኳ አልተሸጠችም! ‹የቀጥቃጭ ዐይን ያረፈበት ብረት ሥጋዬን አይነካም፣ ቡዳ ነው› አሉኝ። በስንት ጭንቅ የፊደል መምቻ ከአዲስ አበባ አስቀርጬ አመጣሁለት። ያንኑ ቢላ፣ ያንኑ ብረት ‹ጀርመን› ብዬ ዘረጋሁት፤ ቀትር ሳይሆን አለቀ። ውሸቱን እኔ አላመጣሁትም። ገዥው ነው የጠየቀኝ።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ክርክራቸው ገባኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ የሚቆጠርበት አገር ነው የምንኖረው። የአገሩ ሰው ከሠራው መርፌ ይልቅ ባሕር የተሻገረ ዝገት ያምረናል፤ ከእኔ ጀምሮ።

ዙልፋ ግን እንደ እኔ በቀላሉ አልተረታችም።

«አባባ፣ አንቱን እንደ አባቴ ነው የማከብረው» አለች። «ግን ልጠይቅዎ። ያ ቡዳ ነው ያለ ሰው ቢላውን ገዝቶ ስንት ዓመት በላበት?»

«ዐሥራ አምስት ዓመት ይሆናል።»

«አንድ ሰው ታመመ?»

«አልታመመም።»

«እንግዲያው በሁለተኛው ዓመት ‹ጎበዝ፣ እስከዛሬ የበላችሁት በረዲ ቢላ ነው፤ ይኸው ደኅና ናችሁ› ቢሏቸው ኖሮ፣ ያ ወሬ በዚያው ይሞት ነበር። መድኃኒቱ በእጅዎ ነበረ። አንቱ ግን ወሬውን እያበሉ እያጠጡ አሳደጉት። አባቴን ዛሬም ሰርግ ቤት ከበር አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት። እሱን ከበር ያስቀመጠው ሰው ሥጋውን የሚቆርጠው በእሱ ቢላ ነው።»

«ያ ውሸት አይደል አንቺን ያሳደገሽ!» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። «ዩኒቨርሲቲ ያስገባሽ እሱ አይደል? የበላሽበትን ወጪት አትስበሪ ልጄ። አባትሽም ወዶ ተስማምቶ ነው።»

«ያሳደገኝ የአባቴ ክንድ ነው። ተስማምቷል፤ ልክ ነው። የራበው ሰው በምን አይስማማም?»

እኔም የተታለልኩት ነገር ቆጨኝና ጣልቃ ገባሁ። «እኔስ አባባ? የጀርመን ነው ብለውኝ አይደል የገዛሁት?»

«ስለቷ አታለለህ?»

«ኧረ አላታለለኝም።»

«ታዲያ ምን ጎደለብህ?»

የመለሰችልኝ ዙልፋ ናት። «የጎደለውን እኔ ልንገርዎ ጋሼ። ዛሬ እጀታው ሲነቃነቅ ወዴት ሊወስዱት ነበር? ስለቱ የዶለዶመበት ሰውስ? የፈረንጅ ዕቃ እዚህ አይጠገንም ብሎ ይጥለዋል፤ ጥገናው እኛ ቤት፣ ከገበያው በመቶ እርምጃ ላይ እያለለት። ቢላውን ይስጡኝ እስቲ።»

ሰጠኋት። በድንጋይ መታ መታ አድርጋ የላላውን ብሎን አወጣችና የቀንዱን እጀታ ከብረቱ አላቀቀችው። እጀታው ሸፍኖት በኖረው ብረት ላይ ሦስት ትናንሽ ነጥቦች ጎን ለጎን ተመትተዋል።

«የአባቴ ምልክት ነው» አለች። «ሁሉም ላይ አለ። በሚታይ ቦታ መምታት ስላልተፈቀደለት፣ በማይታይ ቦታ ይመታዋል። እናቴ ‹ማን ሊያየው ነው?› ስትለው ‹አላህ ያየዋል› ይላታል።»

እኔ ያን ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አንድ ቀን ዶማ ላስጠግን ረዲ ቤት ሄጄ፣ ቢላዬ ከቦርሳዬ ብቅ ብላ አይቷት፣ «ጋሼ፣ ስለቷ ደክሟል፤ ልሳልልዎ?» ብሎኝ ነበር። እኔም፣ የተማርኩት ሰው፣ ምን አልኩት? «ተው ተው፣ ይህ የጀርመን ነው፤ ያንተ እጅ አይችለውም።» ረዲ ፈገግ አለና «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ለኔ አይሆንም» አለኝ። በገዛ እጁ የሠራትን!

ይህንን እዚያው ለሁለቱም ነገርኳቸው። ዙልፋ ፊቷን አዞረች። አባባ አብዱሰመድ እጀታው የወለቀውን ብረት ከእጇ ተቀብለው ሦስቱን ነጥቦች በአውራ ጣታቸው ደባበሱ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሸጡ እጀታ አውልቀው አይተው አያውቁም።

«እኔም የምናገረው አለኝ» አሉ። «ወላሂ፣ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ታጣቂዎቹ ሊገቡ ሲሉ እኔ ሮጬ ወደ ገደሉ ወጣሁ። እነዚህን ቢላዎች ከሱቄ አውጥቶ ከከሰል ጉድጓዱ ሥር የቀበረልኝ ረዲ ነው። ‹አማና ነው፣ የሰው ሐቅ ይቅደም› ብሎ። የእኔን ቀብሮ ሲጨርስ ደረሱበት። የራሱን መስፍ ለመቅበር ጊዜ አልበቃውም።»

ዙልፋ ይህን አታውቅም ነበር። አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ አባባ?» አልኩ።

«እፈራለሁ ልጄ። ሱቄ ተቃጠለ፤ የቀረኝ ስሜ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ገበያ መሀል ቀጣፊ ልባል?»

«ይባላሉ» አለች ዙልፋ። አላባበለቻቸውም። «ዛሬ ይባላሉ፤ ነገም ይባሉ ይሆናል። ግን በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። አባቱን የካደ ዕቃ ይዞ የተመሰገነ ስም የአንቱ ስም አይደለም፤ የሌለ ፋብሪካ ስም ነው። የተቃጠለው ይበቃናል አባባ። በቀረው እንኳ እውነት ይሁን።»

ሽማግሌው ማዳበሪያውን በአራቱም ጫፍ ሰበሰቡና ተነሡ።

ኮሚቴው የተቀመጠው መጋዘን ጥላ ሥር ነበር፤ ሰብሳቢው አቶ አብዱልሐሊም ይባላሉ። ሰው ተኮልኩሏል። አባባ አብዱሰመድ ቢላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና፣ «ጀማዓ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ» ብለው ጀመሩ። ሲጨርሱ አንዱ ሳቀ። ምግብ ቤት ያላት የሻረግ ግን አልሳቀችም።

«እኔ በዚህ ቢላ ነው እንግዳ የማበላው!» ብላ ጮኸች። «የቀጥቃጭ መሆኑን ባውቅ በነካሁት? አንቱ ሰውዬ፣ እግዜርን አይፈሩም?»

«ስላልፈራሁ ነው እስከዛሬ የዘገየሁት» አሉ። «ብትመልሺው እቀበልሻለሁ። ግን ንገሪኝ የሻረግ፣ አንድ ቀን አሳፍሮሽ ያውቃል?»

«አላሳፈረኝም» አለች። ቢላውን ግን ከምግብ ቤቷ አምጥታ መለሰችው። ሌሎች ሁለት ሴቶችም መለሱ። አቶ አብዱልሐሊም «ረዲ፣ ቢላ ሠሪ» ብለው ጻፉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ሦስታችንም ረዲ ቤት ሄድን። ረዲ ከስቶ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ ባዶውን የመስፍ ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አባባ አብዱሰመድ አንገቱን አቅፈው «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። እኔም ቢላዬን ዘረጋሁለትና፣ «ረዲ፣ ይህችን ካንተ እጅ በቀር የሚችላት የለም» አልኩት። አገላብጦ አያትና የተረፈችውን አንዲት ሞረድ አነሣ።

«ፊደሉን ልፋቀው ጋሼ?»

«ፋቀው።»

ሳል እያቋረጠው፣ እያረፈ ፋቀው። በተፋቀው ቦታም ሦስቱን ነጥቦች በምስማር መታ።

ነገሩ ወዲያው ሠመረ ብዬ አልዋሽም። በተከታዮቹ ሁለት ገበያዎች ከአባባ አብዱሰመድ ማዳበሪያ ላይ አንድም ቢላ አልተነሣም። በሦስተኛው ገበያ የሻረግ መጣች፤ በምትኩ የገዛችው የውጭ ቢላ ሽንኩርት ላይ ጎብጦባት ነበር። «ያንን መልሱልኝ» አለች፣ ሰው እንዳያያት ዙሪያዋን እየቃኘች። መጋቢት ላይ መስፉና ወናፉ መጣ። የዶለዶመ ቢላ የነበረው ሁሉ መጣል ትቶ ረዲ ዘንድ እያስሳለ መጠቀም ጀመረ። አንድ ብረት የተሰነጠቀ እንደሆነ ገዥው በቀጥታ ረዲ ደጅ ሄዶ ይወቅሰዋል፤ ረዲም አፍሮ የተሻለ ይሠራል። ሠሪው የማይታወቅ ዕቃ ይህ የለውም፤ ቢበላሽ ማን ይወቀሳል? ባለ እጅ፣ ቀጥቃጭ መባል ያሳፍራቸው ከነበሩ ጎረምሶች ሁለቱ «አስተምረን» ብለው ወናፉን ያዙ። ዙልፋም ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተመለሰች። እውነት መናገር ያተረፈልን ይህን ነው፤ ጥቂት ነው፣ ግን የራሳችን ነው።

ረዲ ግን ሳሉ አልለቀቀውም። ምልክቱን ከውጭ እየመታ የሠራው ሦስት ወር ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ቀበርነው። ከበር ያስቀምጡት የነበሩ ሰዎች አስከሬኑን ሲሸከሙ አይቼ ተናደድኩም፣ አለቀስኩም።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ሲነሣ መንገዱ በሰው ሞላ። እኛም ዳግመኛ ወጣን። ከከተማው ርቀን አንድ ዋርካ ሥር ስናርፍ፣ የሻረግ ከምግብ ቤቷ ይዛ የወጣችውን ዳቦ ለማታውቃቸው ልጆች በቢላ እየቆረጠች ታድላለች። ከቆቦ የመጣ አንድ ሰው ቆሞ እጇን ተመለከተ።

«ቢላሽ ግሩም ይቆርጣል እቴ። የየት አገር ነው?»

«የመርሳ ነው» አለችው፣ ቀና ሳትል። «የረዲ ሥራ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና።»

አባባ አብዱሰመድ እዚያው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እታፈራሁም የእኛን ቢላ ከፎጣው አውጥታ፣ የሻረግ አጠገብ ተንበርክካ ዳቦውን እየቆረጠች ታግዛት ጀመር።