የዘጠነኛ ፎቅ መውጫ

ከአዲስ አበባ ርቃ ወደምትገኘው የገጠር ከተማ ዘመሮ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት እናት፣ አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ ስለ አዲስ አበባ ቤቱ ይጠይቁታል።

«ስንተኛ ፎቅ ነህ?»

«ዘጠነኛ፣ እማማ።»

«ኤዲያ! እሳት ቢነሳ በየት ትወርዳላችሁ?»

«የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃ አለ። በቀደም የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች መጥተው አይተውታል።»

«ምን አሉ?»

«ሌባ እንዳይገባ በሩን ቆልፈነው ነበር። ሰው በሚኖርበት ፎቅ መውጫ መቆለፍ ክልክል ነው ብለው አስከፈቱን።»

«እሰይ! ደግ አደረጉ።»

«ሲሄዱ መልሰን ቆለፍነው።»

«አንተ ሰውዬ! እኛ አገር የጋራችን የሆነውን የጓሳን ሣር እንዳይታጨድ ዝጉ ሲሉን እንዘጋለን፣ ክፈቱ ሲሉን እንከፍታለን። እናንተ ምን ሆናችሁ?»

«ሌባው አስቸገረና፣ እማማ።»

«ሚስትህና ልጆችህስ?»

«እዚያው ናቸው። ለአባቴ ተስካር የመጣሁት ብቻዬን ነው።»

«እንግዲያው ቁልፍ የያዘው ሰው ከሰፈር እንዳይርቅ ደውለህ ንገረው።»

ሰውዬው የኮቱን ኪስ ዳሰሰ።

«የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ወይ እመቤቴ! ረዳት፣ ወራጅ አለ! ይኼ ሰው ይመለስ!»

እኔም ዞር ብዬ በኋላው መስኮት ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰውን ረጅም መንገድ አየሁ።