ብርማ ወረቀት አትጠቅልሉበት

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓዶች፤

ይህን የመሰናበቻ ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ የሬዲዮ ጥገና ክፍላችን ሠራተኞች ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ነሲባ፣ በርበሬውን ያበዛሽው ብዙ እንዳላወራ ብለሽ ከሆነ አልተሳካልሽም።

ለምን እንደምሄድ ታውቃላችሁ። ግን አንዴ ከራሴ አፍ ስሙት።

ጄኔሬተራችንን የምንጋራው ከጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ጋር ነው። ወፍጮው ድንገት ሲቆም ኃይሉ ከልክ አልፎ ወደ እኛ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ስንት ሬዲዮ ተቃጠለብን? ለዚህ ነው በየስብሰባው የምንጠቀምበት ድምፅ ማጉያ ውስጥ አንዲት ዲዮድ የገጠምሁት። ትርፉን ኃይል እሷ ትቀበልና ፊውዙ ይቃጠላል፤ ትራንዚስተሮቹ ይተርፋሉ። ትራንዚስተር እንደ ጣርማ በር ጭጋግ በየጠዋቱ የሚወርድ መስሏችኋል?

በአብዮት በዓል ዕለት ኃላፊያችን ጓድ ኃይለ ገብርኤል ንግግር እያሰሙ ሳለ ወፍጮው ቆመ። ፊውዙ ተቃጠለ፤ ማጉያው ዝም አለ። ሕዝቡ ንግግሩ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። እንደዚያ ሞቅ ያለ ጭብጨባ እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም።

እሳቸው ግን አልሳቁም። በማግስቱ ጠሩኝ።

«ጓድ ወልደአረጋይ፣ ፊውዙን አውጣና የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልልበት። ከተማው ሁሉ የሚያደርገው እንደዚያ ነው።»

«ልክ ነው ጓድ፤ ማጉያው እስኪነድ ድረስ አይቋረጥም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ወይ ወረቀቱን፣ ወይ ጡረታህን ምረጥ።»

ይኸው፣ መርጬ ቆሜያለሁ።

ትናንት ወጣቱ ባልደረባችን ዘይኑልአቢዲን አዝኖልኝ፣ «ጋሼ፣ ለአንዲት ቀጭን የፊውዝ ሽቦ ብለው ሥራዎን ይተዋሉ?» አለኝ። ልጄ፣ ያቺ ቀጭን ሽቦ እንኳ እምቢ ማለት ታውቃለች። እኔ ከሽቦ ላንስ ነው?

ጓድ ኃላፊ፣ አይቆጡኝ፤ አሁን በምናገርበት ማጉያ ውስጥ ዛሬ ጠዋት አዲስ ፊውዝ አስገብቻለሁ። መለዋወጫው የት እንዳለ ነሲባ ታውቃለች። ብርማ ወረቀት የሚያቀብላችሁ ሰው ከመጣ፣ ሲጋራውን ተቀበሉትና ወረቀቱን መልሱለት።

ወፍጮው ሊቆም ነው መሰለኝ፤ ድምፁ እየሳሳ ነው። ምርቃቴን ላፍጥን። እመብርሃን ትጠብቃችሁ፤ ነሲባንና ዘይኑልአቢዲንን አላህ ይጠብቅልኝ። ልጆቻችሁ ይደጉ። ከደነባም ከአንኮበርም ሬዲዮውን አቅፎ የሚመጣ ደንበኛ አይጥፋባችሁ። ከልክ ያለፈ ሲመጣባችሁም፣ እምቢ የሚል አንድ ሰው ከመካከላችሁ አይታጣ።

ድምፄ ድንገት ቢቋረጥ ግን አታጨብጭቡ። ፊውዙን ቀይሩልኝ፤ ገና አልጨረስሁም።