ጋሽ ፖስታና ጋደም ተብሎ የሚነዳው ብስክሌት

አንድ ጠዋት የሰፋሁትን መጋረጃ ለባለቤቱ ላደርስ ስወጣ፣ ጎረቤቴን ጋሽ ፖስታን በራቸው ላይ ቆመው ከአንድ ብስክሌት ጋር ሲጣሉ አገኘኋቸው። ብስክሌቱ መልስ ስለማይሰጥ በእርሱ ፈንታ የምትመልሰው የእህታቸው ልጅ ነበረች።

ጋሽ ፖስታ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወገባቸው ከታመመ ወዲህ ሐኪም ኮርቻ ላይ እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል። አሮጌው ብስክሌታቸው ግን ዛሬም ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ትይዩ ቆሟል። አቧራው ይጠረጋል፣ ካቴናው ቅባት ይቀባል፤ እንግዳ ሲመጣም መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከእርሱ ጋር ነው። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ብረታ ብረት የተማረች፣ የራሷ የብየዳ ሱቅ ያላት ልጅ ናት። ያን ዕለት ያመጣችው በእጇ የሠራችው ብስክሌት ወንበሩ ባለ መደገፊያ ሆኖ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም። ፔዳሉ ከፊት ነው፤ ነጂው ጋደም ብሎ፣ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ይሄዳል። ብስክሌቱ ገና ሳይነዳ ሰፈሩ «አልጋው» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

የሱሪ መቀመጫ ሲያበጅ የሚውል ሰው ስለ መቀመጫ የሚደረግ ክርክር ሊያልፈው አይገባምና መጋረጃዬን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ፖስታ «እግሩን አስቀድሞ፣ ተንጋልሎ የሚጓዝ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እርሱንም አራት ሰው ይሸከመዋል።»

«እርስዎን የሚሸከም የለም፤ የሚነዱት ራስዎ ነዎት» አለች። «ልዩነቱ እርሱ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ በትሕትና፣ ግን ሳታቋርጥ አስረዳቻቸው። አሮጌው ኮርቻ የሰውን ክብደት ሁሉ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ይጭናል፤ የተረፈውን የእጅ አንጓ ይሸከማል፤ አንገትም መንገድ ለማየት ሲቃና ይውላል። እዚህ ግን ክብደቱ በጀርባ ሙሉ ይዘረጋል። እግር የሚገፋው መደገፊያውን ተማምኖ ነው፤ ነፋሱም በላይ ያልፋል። ቢወድቁ እንኳ ከበርጩማ እንደ መውደቅ ነው።

ጋሽ ፖስታ ነገሩን ወደ ውሻ ወሰዱት። እርሳቸውና ውሾች የቆየ ትውውቅ እንዳላቸው፣ እስከ ዛሬ ግን ትውውቁ ከቁርጭምጭሚት አልፎ እንደማያውቅ፣ አሁን በስተርጅና ፊታቸውን ሊያስተዋውቁ እንደማይሹ ተናገሩ።

«ውሻ የሚያባርረው የሚሸሸውን ነው» አለች። «እርስዎ ግን እግርዎን ወደ እርሱ ዘርግተው ነው የሚመጡት።»

ጋሽ ፖስታ ቀጥለው «አንድ ነገር አለ፤ ለእርሱ መልስ የለሽም» አሉና ምን እንደሆነ ሳይናገሩ ገቡ። በመስኮቱ ሳይ ከአሮጌው ብስክሌት ጎን ተቀምጠው መሪውን እየዳሰሱ ነበር። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ብየዳ ነው አለች።

እኔ እንደታዘብኩት፣ በክርክር ተረትቶ እሺ የማይል ሰው ያልተናገረው ነገር አለው። በማግሥቱ ጋሽ ፖስታ ሱቄ መጥተው ሜትሬን ተዋሱኝ። ከሰዓት በኋላ ሲመልሱት ጫፉ ኖራ ነክቶታል። በእኛ ሰፈር ኖራ የተቀባ ግንብ የለም፤ ያለው በላይኛው መንገድ መጨረሻ ነው፣ እርሳቸው በእግራቸው ሊደርሱበት የማይችሉት።

«በምን ሄዱ?» አልኳቸው።

«በታክሲ።»

«ታዲያ ታክሲ ካለ ብስክሌት ምን ያደርጋል?»

የመለኪያ ጠረጴዛዬን ተደግፈው ነገሩኝ። ከዚያ ግንብ ጀርባ አንዲት ሴት ትኖራለች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ደብዳቤ ደርሷት አያውቅም። ጋሽ ፖስታ ግን ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ ደወላቸውን ሁለት ጊዜ ይደውሉ፣ ኮፍያቸውን ከግንቡ በላይ ከፍ ያደርጉ ነበር፤ እርሷም ከውስጥ «እንደምን አደሩ» ትል ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

«ፊቷን አይተው ያውቃሉ?»

«እርሷ ኮፍያዬን አይታለች» አሉ። ቀጥለውም «በታክሲ የመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ ምን ፈልገህ ነው ይባላል። በብስክሌት የሚያልፍን ማንም አይጠይቀውም። የናፈቀኝ ማለፍ ነው እንጂ መድረስ አይደለም። ልጅቷ በሠራችው ወንበር ላይ ሆኜ ባልፍ ደግሞ የሚያየኝ ግንቡ ብቻ ነው» አሉ።

ይህን ለማንም እንዳልነግር አደራ አሉኝ። እኔም ለእህታቸው ልጅ ብቻ ነገርኳት።

ልጅቷ አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ ብስክሌት ለመኪና ነጂዎች እንዲታይ ከኋላው ረጅም ቀጭን ዘንግ፣ ከዘንጉም ጫፍ ጨርቅ እንደሚደረግለት፣ እርሷም ይህን ለመጨረሻ እንዳቆየችው ነገረችኝ። «ግንቡ ምን ያህል ነው?» አለች። በሜትሬ የለኩትን ጋሽ ፖስታ ራሳቸው እንዲነግሯት ላክኋት። በዚያው ምሽት ጋሽ ፖስታ ለዘንጉ ጨርቅ እንዲሆን የሥራ ካፖርታቸውን ይዘውልኝ መጡ፤ ቢጫ፣ ዝናብ የጠገበ። የቱ ጋ እንደምቆርጥ ያሳዩኝ በጣታቸው ነው፤ ሲቆረጥ ግን ወደ መንገዱ ዞረው ቆሙ።

ከገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ ልጅቷ ወንበሩን ከኋላ እየደገፈች ተለማመዱ። አንድ ጊዜ ወደቁ። ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉና «እውነትም በርጩማ» አሉ። ከእርሳቸው ይህ እንደ ምስጋና ይቆጠራል።

በሄዱበት ጠዋት እኔም በላይኛው መንገድ የማደርሰው መጋረጃ ነበረኝ። መጋረጃው እስከ ከሰዓት ሊቆይ ይችል ነበር፤ እኔ ግን አልቻልኩም። ኖራ የተቀባው ግንብ ማዶ ስደርስ ጋሽ ፖስታ ከታች ብቅ አሉ፤ ጀርባቸውን ደገፍ፣ እግራቸውን ዘርጋ አድርገው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው። አንድ ውሻ ተነሣና የተዘረጋውን ጫማ አይቶ መልሶ ተኛ። ቢጫው ጨርቅ ከግንቡ በላይ እየተውለበለበ አለፈ። ደወሉ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ከውስጥ ድምፅ የለም። ጋሽ ፖስታ እግራቸውን ከፔዳሉ አላወረዱም፤ ፍጥነታቸው ግን ቀነሰ። ወደ ብረት በሩ ሲቃረቡ ከግንቡ ጀርባ፣ ሰው ሲሮጥ ቆይቶ እንደሚናገረው፣ «ኮፍያዎን ቀየሩ እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ቀየርኩ» አሉና አለፉ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፖስታ በየቀኑ ይሄዳሉ። ወገባቸው እንደ ቀድሞው አይነዝራቸውም፤ እጃቸው አይደነዝዝም፤ ዳገቱንም ሳያርፉ ይወጣሉ። የሰፈሩ ጡረተኞችም አንድ በአንድ ወደ ብየዳ ሱቁ ብቅ እያሉ፣ ለሌላ ሰው የሚጠይቁ መስለው ይጠይቃሉ። ልጅቷ የዘረዘረችው ጥቅም ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዱን ግን አልዘረዘረችውም። እርሱን የነገሩኝ ጋሽ ፖስታ ናቸው፣ በዚያው በመጀመሪያው ጠዋት ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ከብስክሌቱ ሳይወርዱ።

ቀድሞ ከአሮጌው ኮርቻ ከፍታ ላይ ሆነው የሚያዩት ጣራዋን ብቻ ነበር፤ ድምፅዋም ከሩቅ፣ ከቤት ውስጥ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። የብረት በሩ ግን ከሥሩ ክፍት ነው። ዝቅ ብለው ሲያልፉ በክፍተቱ አዩ።

«ሰፊው» አሉኝ «ነጠላ ጫማዋ ሰማያዊ ነው። የምትቆመው በሩን ተጠግታ ነው።»