ጫማዋን በር ላይ ያወለቀችው

ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሁለት የአገሬ ሴቶች ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር፤ አንዲቱ በሆም ኬር፣ አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ የምትሠራ ወጣት፣ ሌላዋ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቷ።

«ምነው ሳምንቱን ጠፋሽ?»

«ህንድ ነበርኩ፣ እትዬ። የማስታምማቸው ስሪላንካዊት እናት፣ ቡድሃቸው ከሥሩ የተቀመጠበትን ዛፍ ሳልሳለም አልሞትም ብለው።»

«ልጆች የሏቸውም?»

«አሏቸው፤ መንገድ ላይ ይሞቱብናል ብለው ፈሩ። እኔ አደርሳቸዋለሁ አልኩ።»

«ታዲያ ጣዖት ቤት ገባሽ!»

«ዊልቸር እየገፋሁ ነዋ! ማንም ሳያዘኝ ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ። ዘበኛው ‹ቡድሂስት ነሽ?› አለኝ። ‹ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እኛ ቅዱስ ቦታ በጫማ አንገባም› አልኩት።»

«ደግ አልሽ! ሴትዮዋስ?»

«ዛፉ ጋ ስንቃረብ ‹አቁሚኝ፣ በእግሬ ነው የምደርሰው› አሉ። ከወደቁ ወዲህ ቆመው አያውቁም፣ እትዬ። ክንዴን ይዘው አሥር እርምጃ ሄዱ!»

«የኔ አንበሳ! ንስሐ አባትሽ ቢቆጡሽ እኔ አለሁልሽ።»

«አሁን ደግሞ ‹ያንቺን ቅዱስ ቦታ አሳዪኝ› ይሉኛል።»

«ውሰጃቸዋ!»

እኔም ከፊታቸው እንደተቀመጥኩ፣ ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ሊወጣው ሲመኝ የኖረውን የግሸን ማርያም አቀበት፣ በልቤ ቀስ እያልኩ ወጣሁት።