ሳይጠየቅ የጠፋው ዝናብ

እትዬ! ይግቡ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያስቆምዎታል? ወንበር ሊቆጥሩ ነው የመጡት? ይቁጠሩ፣ ይቁጠሩ። እዚህ ክፍል አራት ወንበር አለ፤ አንዱ እግሩ ይነቃነቃል፣ እሱ የኔ ነው። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እስከ ሦስተኛ ፎቅ በዚያ ጉልበት! ዕቃ ግምጃ ቤቱ ምድር ላይ መሆኑ በጀዎት። ግን ይቀዘቅዛል ሲሉ ሰምቻለሁ... እውነት ይቀዘቅዛል? አይ፣ እንዲሁ ነው የጠየቅኩት። ሹራብ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ብዬ ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከእርስዎ ጋር ልሆን እችላለሁ መሰለኝ፤ ዝናብ መመዝገቡ ቀርቶብኝ መጥረጊያና ባልዲ ልመዘግብ። አይደንግጡ፣ ገና አልተወሰነም። ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴው ተሰብስቦ ነው የሚወስነው።

እርስዎም ኮሚቴው ውስጥ ነዎት እንዴ? ... ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እንግዲያውስ ስለዚያ ጉዳይ አንድም ቃል አልተነፍስም። ነውር ነው። ስለ ሌላ ነገር እንጫወት።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ ይሆን? ከመደርደሪያው ወዲያ ሰው አለ። ግን አይሰማንም፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጓል። ገመዱ መሬት ላይ ወድቋል እንጂ ማዳመጫው አለ። ያልተሰካ ማዳመጫ ምን እንደሚያሰማ እኔ በምን አውቄ? የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ባለሙያው እሱ ነው... ስም አልጠራሁም ታዲያ!

መቼም ለሥራው ያለው ፍቅር ዓይን አይግባበት። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት አይተውት ያውቃሉ? ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን? ሥዕል የለው፣ ምን የለው፤ ቃል ይጽፉለታል፣ ማሽኑ እሺ ብሎ ይታዘዛል። እኔና እርስዎ ብንሆን እንደተሰጠን እንሠራበት ነበር። ሰነፎች ስለሆንን! እሱ ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት መስኮቱን ማሳመር አለበት። ሥራውን መቼ ጀመረ አይበሉኝ... ገና እያሳመረ ነው።

ፊደሉ አረንጓዴ ይሁን አለ። ይሁን። የትኛው አረንጓዴ? አሥራ አንድ ዓይነት አለ እኮ፣ እትዬ! ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ብቻ ሲመስለኝ! ክፍሉ በሙሉ ሥራ አቁሞ መረጠ። ጥበቃው ሳይቀር ከበር ተጠርቶ መጥቶ ድምፅ ሰጠ። ሁላችንም ሰባተኛውን መረጥን፣ እሱ ዘጠነኛውን አደረገ። ሰው የሚያማክር ባለሙያ እንዴት ደስ ይላል!

ከዚያ ደግሞ መስመሩን አስጌጠው። ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ምን ምን እንደሚወጣ ልንገርዎት? ስሙ። ማዕረጉ። ሰዓቱ እስከ ሴኮንዱ። አንዲት ኮከብ። ከኮከቧ ቀጥሎ የውጭው አየር! ዝናብ በምንለካበት መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ ከጀርባው እያለ። ዞር ቢል ሰማዩን ያየዋል... ግን አንገት ማዞር ስንት ጊዜ ይፈጃል? ባለፈው መስመሩ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» ሲለው ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ለምሳ ወጣ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ነበር የወጣሁት፣ ኋላ ቀር ስለሆንኩ። ሲመለስ ካልሲውን ፕሪንተሩ ላይ አሰጣ። ፕሪንተሩ ደግሞ የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለሳይንስ የረጠበ እግር ነው ብዬ አለፍኩት።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ለትእዛዙ ምን ያህል ቦታ ቀረ? እሱን እኔም ጠይቄ ነበር። ሦስት ፊደል ቢቀር ነው። ምን ቸገረው! ትእዛዞቹን ሁሉ አንድ አንድ ፊደል አደረጋቸው። ጊዜ ለመቆጠብ ነው አለን። እውነቱን ነው፣ በየትእዛዙ ሁለት ሴኮንድ ይቆጥባል። ያን ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጀበት እንጂ።

ጠዋት ሲከፍተው ደግሞ ማሽኑ ሰላምታ ያቀርብለታል። «እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ» ይላል። አንድ ቀን እውነተኛው ሥራ አስኪያጅ ከኋላው ቆመው አነበቡት። «ይሄ ለኔ ነው?» አሉት። «አዎን፣ ድንገት ብቅ ካሉ እንዲቀበልዎት ብዬ ነው» አላቸው። አዩ አክብሮት? ሲሳሳት ደግሞ ማሽኑ አይቆጣውም። በሌላው ሰው ማሽን ላይ ስህተት ሲፈጠር ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፣ ልብ ይደነግጣል። የሱ ግን «አይዞህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይለዋል። በቀን ሠላሳ ጊዜ። ሰው በቀን ሠላሳ ጊዜ እንዲህ ሲባል... መቼም ማመኑ አይቀርም፣ እሱ ላይ አይፈረድም።

ግን ሐቁን ልናገር፣ ከዚያ ሁሉ ጌጥ አንዱን ወድጄለት ነበር። የማጥፊያውን ትእዛዝ። ያ ትእዛዝ እንደተፈጠረ ከሆነ ምንም አይጠይቅም፤ አጥፋ ካሉት ያጠፋል፣ አበቃ። እሱ ግን እንዲጠይቅ አደረገው። ፋይል በፋይል፣ «ይህን ላጥፋው? አዎ? አይ?» እያለ። ሁለት ዓመት አንዱን ማሽን በፈረቃ ተጋርተን ሠርተናል፤ ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ። አሠራሩንም ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጦ። «ምን ያደክምሻል? ሁሉንም አጥፋ በይው። ከዚያ አንድ በአንድ ሲጠይቅሽ፣ ለማትፈልጊው አዎ፣ ለምትፈልጊው አይ እያልሽ ሂጂ» አለኝ። እንዴት ያለ መላ! በየወሩ መጨረሻ አሮጌውን ረቂቅ ሳጸዳ አዎ፣ አዎ፣ አይ፣ አዎ፣ አይ... ጣቴ ሳላየው ይሠራው ጀመር። እጁ ይባረክ ስል ነው የኖርኩት።

ታዲያ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሱ አዲስ ዴስክቶፕ መጣለት። ይገባዋል። አሮጌው ለኔ ቀረ። ንጹሕ ሰው ነውና ሲሄድ የራሱን ነገር አልተወብኝም፤ ሁሉንም ከአሮጌው ላይ አንስቶ ይዞት ሄደ። አረንጓዴውን፣ ኮከቧን፣ ሰላምታውን... ጥያቄውንም። ቤት ሲለቅ አምፖሉን ፈትቶ የሚሄድ ተከራይ አይተው ያውቃሉ? ኧረ እሱን ማለቴ አይደለም! አንድ ጎረቤት ነበረን።

ነገረሽ ወይ ነው የሚሉኝ? እንዴት ብሎ ይነግረኛል፣ እትዬ? ሥራ በዝቶበት! በአዲሱ ማሽን ላይ አረንጓዴው እንደገና መመረጥ ነበረበት። እኔም መስመሩ ባዶ ሆኖ ሳገኘው፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። መጻፊያ ቦታ አገኘሁ አልኩ። ጥያቄውም ከጌጡ እንደሆነ በምን ልወቅ? እኔ የማሽኑ የራሱ ጠባይ ነበር የሚመስለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋ ማሽን ነው እያልኩ አመሰግነው ነበር።

ሰኞ ዕለት እንደ ልማዴ ሁሉንም አጥፋ አልኩት። ጣቴን አዘጋጅቼ ጥያቄውን ጠበቅሁ። ጠበቅሁ... ዝም። ዛሬ ቀስ ብሎ እያሰበ ነው ብዬ ብርጭቆዬን ላጥብ ሄድኩ። ስመለስም ዝም። ያለውን ዘርዝር አልኩት፤ የሚዘረዝረው የለውም። ከረቂቁ ጋር የነበረው የሦስት ወር ዝናብ ሁሉ፣ እትዬ! የአርባ ሁለት ጣቢያ! ሰዉ በስብሷል፣ ጣራው አፍስሷል፣ የጎረቤቴ ምድር ቤት በባልዲ ተቀድቷል... በኛ መዝገብ ግን ጠብ አላለም። በአንድ ጣት ድርቅ ያስገባሁ ሴት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ አለ እንጂ። ከየጣቢያው የተላከው ቅጽ አለ፤ ከሰኞ ጀምሮ እሱን አንድ በአንድ እየመለስኩ ነው። ሁለተኛውን ወር ጨርሻለሁ። አንዱ ዝናብ ለኪ ቁጥር መጻፍ ሰልችቶት «ዛሬ ጉድ ዘነበ» ብሎ ልኳል። ጉድ ስንት ሚሊሜትር ነው? ስልክ ደውዬ ብጠይቀው «ከትናንቱ ጉድ ያንሳል» አለኝ። እሱ እንኳ ሲጠየቅ ያየውን ይናገራል።

ፋይሉ የጠፋ ዕለት በተጠራው ስብሰባ ላይ አልነበሩም አይደል? አይ፣ ስለ ጉዳዩ አልናገርም ብያለሁ። ስለ ሰው ትዕግሥት ነው የማወራው። ሥራ አስኪያጁ «እንዴት ጠፋ?» ሲሉኝ «ይጠይቀኝ ነበር እኮ» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ፣ ማሽኑ ይጠይቀኝ ነበር የምትል ሴት መቼም ታስቃለች። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ጣሪያውን ነበር የሚያየው። ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ ቀና ብዬ አየሁ፤ አምፖል ነው። እንዴት ያለ ትዕግሥት! እኔ የማውቀውን ይዤ እንደዚያ መቀመጥ አልችልም፣ ፈንድቼ እሞታለሁ። አሥራ አራት ዓመት አንዲት ጠብታ ሳይጠፋብኝ ኖሬ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተሳቀብኝ። እሱን እንተወው።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወደ ጣሪያ ተመልካቹ ዞረው «የቴክኒክ ሪፖርቱን አንተ ጻፈው፣ ኮሚቴው በሱ ይወስናል» አሉት። የሚያስረክበው ዛሬ ከምሳ በፊት ነው። አራት ቀን ተሰጠው። ለሱ እኮ አንድ መስመር ነው፤ «ጥያቄውን ከአሮጌው ማሽን ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አልነገርኳትም»። ሁሉን ነገር በአንድ ፊደል የሚያሳጥር ሰው ይህ ያቅተዋል? አያቅተውም። ግን መጀመሪያ ሪፖርቱን የሚከፍት የአንድ ፊደል ትእዛዝ መሥራት ነበረበት፤ ሁለት ቀን። ቀጥሎ የፊደሉ ቅርጽ አልጥም አለው። ጥንቁቅ ነው።

ይልቅ አረፍ ይበሉ፣ የኔ ወንበር ላይ። ወደ ግራ እንዳይደገፉ ብቻ። ኪቦርድ ነክተው ያውቃሉ? ለመዝናናት ነው፤ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው! ይኸው፣ «ሙከራ» የምትባል ፋይል ፈጠርኩ። ምንም የለባትም። ማጥፊያውን ጻፍኩልዎት፤ አሁን ይቺን ትልቋን ቁልፍ ይጫኑ። ጎሽ! ... ጠየቀዎት? እስቲ በደንብ ይዩት። «ላጥፋ?» አለዎት? ... ምንም አላለም አይደል? ፋይሏስ አለች? የለችም። አጠፏት እንግዲህ፣ እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ! ከመደርደሪያው ወዲያ ባለው ማሽን ቢሞክሩት ግን «እርግጠኛ ነህ፣ ወንድሜ?» ይላል አሉ። አሁንማ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚጠይቀው። ከሰኞ ወዲህ አጠናክሮታል... ከሰኞ ወዲህ ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ወዲያ ያለው ኪቦርድ ዝም አለ መሰለኝ። ሙዚቃው አልቆበት ይሆን?

ቆይ... ፕሪንተሩ ተነሳ። እኔ አይደለሁም ያዘዝኩት። ሪፖርቱ ነው! በሰዓቱ! አላልኩዎትም ጥንቁቅ ነው ብዬ? ወረቀቱ መሬት እንዳይወድቅበት ላንሳለት። አላነበውም፣ ዓይኔ ነው ያረፈበት። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉውን ርዕስ፣ ማዕረግና ጌጥ ነው፤ ያምራል። ሁለተኛው አንድ አንቀጽ ብቻ። እሰይ፣ አጭር ነው። «ፋይሎቹ የጠፉት ሠራተኛዋ የማሽኑን ጥያቄ ሳትጠብቅ...

... ሳትጠብቅ በመቸኮሏ ነው።»

ይያዙልኝ እስቲ፣ እትዬ። ጠብቄያለሁ እኮ። ብርጭቆ አጥቤ እስክመለስ ድረስ ጠብቄያለሁ። እርስዎስ? አሁን እዚህ ተቀምጠው ሳይጠብቁ ነው የተጫኑት? ... አይመልሱልኝ። እርስዎ ኮሚቴ ነዎት፣ እኔ ደግሞ ስለ ጉዳዩ አላወራም ብያለሁ። ያንብቡት ብቻ። ቀስ ብለው፣ መነጽርዎን አድርገው።

እየመጣ ነው። ጠጋ ይበሉለት፣ ይለፍ። ወረቀቱንም እርስዎ በእጅዎ ይስጡት፤ ከኔ ከሚቀበል ከእርስዎ ቢቀበል ይሻለዋል። ምነው ቆመ? ማዳመጫውንም አወለቀ... ምን ያህል ጨዋ ነው! ፊቱ ትንሽ ቀላ እንጂ ምንም አልሆነም።

እኔ ክፉ አልመኝለትም። ስም አልጠራሁ፣ አልከሰስኩ። በዚህች አፌ አንድ ምርቃት ብቻ ልመርቀው፣ እርስዎም ምስክር ይሁኑ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ዘሩ ይባረክ፣ ስሙ ከፍ ይበል። ክፉ ቀን አይንካው። ሰው ነውና ድንገት አንድ ቀን ከነካው ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅበት እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ከጎኑ አያሳጣው... ያም ሰው ልክ እንደ ራሱ ያለ ይሁንለት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ፤ ከፍ አድርገው።