መንገዱን ያልጠየቅኋቸው ሰው

ደብረ ታቦር ውስጥ የአካል እንቅስቃሴ ሐኪም ነኝ። ለአዛውንቶች የገና ጨዋታ ሊዘጋጅ ነውና «መሮጥ የሚችሉትን አንተ ለይልን» ተባልሁ። ሽማግሌዎቹን ያለ እጅ ድጋፍ ከወንበር አስነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በአንድ እግር አቆማለሁ። ከሰዓት በኋላ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ገቡ። ጥቂት ጊዜ ተነሥተው እንደ ተቀመጡ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። በአንድ እግር ይቁሙ ስላቸውማ ግድግዳውን ያዙ። «አይችሉም» ብዬ ጻፍሁና ወረቀቱን ለጨዋታው አስተባባሪ ላክሁት።

«አባቴ፣ ለጤናዎ ብዬ ነው። ቢወድቁስ?» አልኋቸው።

«ይሁን» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ።

«ከየት ነው የመጡት? መኪና ልፈልግልዎ?»

«ከገሳይ። መኪና ባጣ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቼ በእግሬ መጣሁ። ጾምም አይደል፣ እህል አልቀመስሁም።»

ክው አልሁ። «አርፈው፣ ቀምሰው፣ ነገ እንደገና ልይዎ» ብዬ ወደ አስተባባሪው ሮጥሁ። «ቦታቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል፤ አለቀ» አለኝ።

ስመለስ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው።

«ልጄ፣ ስነሣ ስቀመጥ ቆጠርህ። እንዴት መጡ ብለህ ግን ቀድመህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝና የገሳይን መንገድ ያዙ።

በገና ዕለት አስተባባሪው ሕዝብ ፊት አቁሞ አመሰገነኝ፤ «ለሐኪማችን ምስጋና ይግባውና፣ አንድም ሰው አልወደቀብንም!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።